ሄሊኮፕተሩን ሰጡን እንበል፤ ብሎኑንስ?

ይህን የኢንተርኔት መድረክ ክር (ውይይት) የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋት ካለም የኔ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ከዚራ መብራት ጠፍቶ፣ ማራገቢያው ቆሞ፣ ሰው ሁሉ ፍራሹን በረንዳ ላይ አውጥቶ ነበር። የእህቴ ልጅ የኮሎምቢያ ፖሊሶች ከሄሊኮፕተር እየዘለሉ ኮካ (ኮኬይን የሚወጣበት ቅጠል) እርሻ ውስጥ ሲወርዱ በስልኩ ያሳየኛል። ለእኛም አስር እንዲህ ያለ ቢሰጡን በዚህ በረሃ የሚያልፍ እጽ አይኖርም ነበር አለኝ። ልመልስለት አፌን ከፈትኩና የምለው አጣሁ። ባትሪዬ 14 በመቶ ሲቀረው መድረኩ ላይ ይህን ጻፍኩ።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም የድሬ ልጆች፣ የሐረር ሰዎችም። ሀብታም አገር ለድሃ አገር ፖሊስና ጦር ሄሊኮፕተርና አውሮፕላን ሰጥቶ እጽ ተዋጉበት ሲል፣ ነገሩ ሠርቶ ያውቃል ወይ? እኔ የማውቀው ፕላን ኮሎምቢያን ነው። በ2000 የአሜሪካ ኮንግረስ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ለኮሎምቢያ አጸደቀ፤ ትልቁ ድርሻ የሄሊኮፕተር ነው። ለእኛ ቢቀርብልን እንቀበል? እኔ እንቀበል ባይ ነኝ። በነጻ የመጣ ነገር ምን ክፋት አለው? ዓመተ ምሕረቱን እንደ ፈረንጅ ነው የጻፍኩት፤ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።

ከዚህ በኋላ የመጣውን በራሴ አፍ ነው የምነግራችሁ። ቃል በቃል ብገለብጠው ግማሹ ስድብ፣ ግማሹ የፊደል ግድፈት ነው።

1. የመጀመሪያው መልስ ከሐረር ነው። ትሁት ሰው ነው፤ የድሬን ሙቀት ያብርድላችሁ ብሎ መርቆ ከኔ ጋር ተስማማ። መንገድ በሌለበት አገር ፖሊስ ሁለት ቀን የሚኳትንበትን ተራራ ሄሊኮፕተር በሃያ ደቂቃ ያልፈዋል ነው ያለው። ክሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ሁላችንም በሰላም እናመሽ ነበር።

2. ሁለተኛው አረመኝ፤ በጨዋ ቋንቋ፣ ግን አረመኝ። 1.3 ቢሊዮኑ የጥቅሉ ጠቅላላ ድምር ነው፤ ለጎረቤት አገሮችና ለራሳቸው ለአሜሪካ መሥሪያ ቤቶችም ተከፋፍሏል። ለኮሎምቢያ የደረሰው 860 ሚሊዮን ገደማ ነው። ብላክ ሆክና ሂዊ ሄሊኮፕተሮቹ በደቡብ፣ በፑቱማዮ በኩል፣ አሜሪካኖች ያሠለጠኑትን የፀረ እጽ ብርጌድ እንዲያጓጉዙና ኮካ ላይ መድኃኒት የሚረጩትን አውሮፕላኖች እንዲጠብቁ ነበር የታሰቡት። አብራሪና መካኒክ ማፍራት ግን ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ለረጅም ጊዜ ብዙውን ያበሩና ይጠግኑ የነበሩት የአሜሪካ ተቋራጭ ኩባንያ ቅጥረኞች ነበሩ። ከዚያ የተባበሩት መንግሥታትን ቁጥር አስከተለ፦ በ2000 ኮካ የተተከለበት መሬት 163 ሺህ ሄክታር ገደማ፣ በ2013 48 ሺህ፣ በ2023 253 ሺህ። ቁጥሩን አስቀምጦ ፍርዱን ለኛ ተወ። እንዲህ ያለ ሰው መድረክ ላይ ብርቅ ነው።

3. ሦስተኛው ግን ፍርዱን አልተወም። የፈረንጅ እርዳታ ዞሮ ዞሮ ኪሱ ይገባል አለ። ብላክ ሆክ የሚሠራው ኮነቲከት ነው፤ ሂዊ የቴክሳሱ ቤል ኩባንያ ነው። በ2000 ሴኔት ውስጥ የትኛው ይላክ በሚለው ሲከራከሩ ለብላክ ሆክ ሽንጡን ገትሮ የቆመው የኮነቲከቱ ሴናተር ክሪስ ዶድ ነበር። ለኮሎምቢያ ገበሬ ያዘነ የለም ብሎ ደመደመ። የዶድ ነገር እውነት ነው። መደምደሚያው ግን ችኩል ነው፤ ሰው ለራሱም ለሌላም በአንድ ጊዜ ማሰብ ይችላል።

4. አራተኛውን የጻፉት ከሳቢያን የሚኖሩ ጡረተኛ የአየር ኃይል ቴክኒሻን ናቸው። ከዚህ ቀን ወዲህ መድረኩ ላይ ስማቸው ጋሽ አራት ሆኖ ቀርቷል። ረጅም ነው የጻፉት፤ ነጠላ ሰረዝ የለ፣ አራት ነጥብ የለ፣ ግን ቀጥ ያለ።

ሄሊኮፕተር የሚቆጠረው በሰዓት ነው አሉ። አስር ሄሊኮፕተር አለን ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ የሚጠየቀው ስንት የበረራ ሰዓት ቀራቸው ነው። የላይኛው ክንፍ የተወሰነለት ሰዓት ሲሞላ አዲስ ቢመስልም ይወርዳል። ለአንድ ሰዓት በረራ መሬት ላይ ብዙ ሰዓት የመካኒክ ሥራ አለ። የኛ አቧራ ደግሞ አሸዋ ወረቀት ነው፤ የክንፉን ፊት ይሞርዳል፣ ተርባይኑ ውስጥ ይገባል። ሰጪው ሄሊኮፕተሩን አንድ ቀን ይሰጥሃል፤ ብሎኑን ግን በየወሩ ነው የምትለምነው።

ምሳሌያቸው ሜክሲኮ ነበር። አሜሪካ ከ1996 ጀምሮ ለሜክሲኮ ጦር ለፀረ እጽ ሥራ 73 ሂዊዎች ሰጠች፤ ከራሷ ጦር የተረፉ፣ የቬትናም ዘመን ዕቃዎች። መለዋወጫ አልደረሰም። በ1998 በሞተር ስጋት ሁሉም መሬት ላይ ቀሩ። በ1999 ሜክሲኮ ውሰዱልን ብላ መለሰቻቸው። ስጦታ ተመልሶ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ ብለው ጠየቁን። ማንም አልመለሰም።

ቀጥለው ወደ ራሳችን መጡ። የአሜሪካ ኤፍ-5 ተዋጊ አውሮፕላን ነበረን። በ1977 መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ካርተር በሰብአዊ መብት ምክንያት እርዳታውን ቆረጠ። ደርግም በሚያዝያ የአሜሪካኖቹን አማካሪዎች አስወጣ፣ አስመራ የነበረውን ጦር ሰፈራቸውን ቃኘውን ዘጋ። በክረምቱ የሶማሊያ ጦር መጣ፤ ነሐሴ ላይ ድሬ በር ደረሰ። እርሳቸው ያን ጊዜ ወጣት ነበሩ። መጋዘን ውስጥ ከቀረው ሌላ መለዋወጫ አልነበረም፤ አንዱን አውሮፕላን ፈትተው ሁለቱን ያስነሱ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ሶቪየቶች ገቡ። ጋሽ አራት ያልረሱት ሚጉን አይደለም። የብሎን መፍቻው ሁሉ በኢንች ነበር፤ ሳጥኑ ተዘግቶ ሌላ ሳጥን መጣ፣ በሚሊሜትር። መጽሐፉም ራሺኛ። እጃቸው የለመደውን መጠን እንደገና ሀ ብለው ተማሩ።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ከአባቴ ጋር ይተዋወቁ ነበርና አላፈርኩም። ሆጃ አስፈልተው፣ ከአልጋ ሥር የኒዶ ጣሳ አወጡና ጋዜጣ ላይ ገለበጡት። አንዱን ብሎን አንስተው በሁለት ጣታቸው መካከል እያሽከረከሩ አሳዩኝ። ከአውራ ጣቴ አይረዝምም። ራሱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ምልክት ተቀርጿል፤ ጫፉ ላይ ሽቦ የሚያልፍባት መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች። ሽቦዋ ነት እንዳይላላ ታስራለች። ይቺ ሽቦ ካልታሰረች አብራሪው አይፈርምም አሉኝ። ታየዋለህ፣ ብረት ነው፤ ግን ካርድ አለው። የት እንደተሠራ፣ መቼ እንደገጠመ፣ ስንት ሰዓት እንደበረረ። ካርዱ ከጠፋ ሥራው አበቃ፣ ያለ ወረቀት አይገጠምም። ስወጣ ብሎኗን ሰጡኝ። ፎቶ አንስቼ ክሩ ላይ ለጠፍኩት፤ ይህ ጦስ አመጣ፤ እመለስበታለሁ።

5. አምስተኛው ጎረምሳ ነው፤ ከአጻጻፉ ይታወቃል። ይህ የሽማግሌ ትዝታ ነው፣ ዘመኑ የድሮን ነው፣ ሂዊ ሙዚየም ይግባ አለ።

6 እና 7. ስድስተኛው ታላቅህን አክብር ብሎ ጮኸበት፤ የወረደ ቃል ስለጨመረ ራሱም ከአምስተኛው አልተሻለም። ሰባተኛው ቀዝቀዝ ብሎ ድሮንም ሞተር፣ ባትሪና የሳተላይት መስመር አለው፤ ጥያቄው ያው ነው አለ። ጎረምሳው የሳቅ ምልክት ብቻ አስቀምጦ ሄደ።

8. እዚህ ላይ ክሩ መስመሩን ሳተ፤ እውነቱን ለመናገር ይበልጥ የጣፈጠኝ እዚህ ነው። ከአወዳይ የምትጽፍ ሴት ናት። እናንተ ሰዎች ስለ ቅጠል ማሳደድ የምታወሩት ምን እየቃማችሁ ነው አለች። የውጭ ሄሊኮፕተር ከመጣ የመጀመሪያ ሥራው የኔ አባት ማሳ ላይ መዞር ነው፣ ከዚያ አንድ ቀን መድኃኒት ይረጫል አለች። እኔ ፊት ለፊቴ ያለውን የጫት እስር ወደ ጎን ገፋ አደረግኩ።

9. አንዱ ሊያረጋጋት ሞከረ። የጫት ቅጠሉ ራሱ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ አይደለም፤ በ1971ዱ ስምምነት ሥር የገባው በውስጡ ያለው ካቲኖን ነው። በኛም አገር ሕጋዊ ሰብል ነው።

10. አልተረጋጋችም፤ ሌላ ሰው ደገፋት። ወንድሙ ወደ ለንደን ይልክ ነበር። ኔዘርላንድስ በጥር 2013፣ እንግሊዝ በሰኔ 24፣ 2014 ከለከሉ። ሌሊት ተለቅሞ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚሮጠው እቃ በአንድ ቀን ወንጀል ሆነ። ሕጋዊ የሚባለው ነገር የሚወሰነው የት እንደሆነ አየን አለ፤ ምሬቱ ከጽሑፉ ይንጠባጠባል።

11. ከከዚራ አንድ ተጫዋች በኛ አገር አውሮፕላን ቅጠል አያሳድድም፣ ቅጠል ይጭናል ብሎ ገባ። እውነቱን ነው፤ ከድሬ ወደ ጅቡቲ ጫት በአውሮፕላን ሲሄድ የኖረ ነው። የሲቪል አቪዬሽናችንን ያሳደገው ገራባ ሳይሆን አንደኛ ደረጃው ነው ብሎ ሲጨምር በሳቅ ሞትን።

12. የትኛው ጫት ይበልጣል። አልፌዋለሁ።

13. ከሳቁ ያወጣን አንድ መምህር ነው። የፔሩን ነገር አነሳ። ፕሮግራሙ ቀላል ነው፦ አሜሪካኖች በስለላ አውሮፕላን ተጠርጣሪውን ይከተላሉ፣ የፔሩ አየር ኃይል እንዲያርፍ ያዛል፣ እምቢ ካለ ይተኩሳል። ሚያዝያ 20፣ 2001 በሲአይኤ የሚመራ የስለላ አውሮፕላን አንድ ትንሽ ሴስና አገኘ። የፔሩ ተዋጊ አውሮፕላን ተኮሰ። የተመታው የወንጌል ሰባኪዎች አውሮፕላን ነበር። አንዲት እናትና የሰባት ወር ልጇ ሞቱ። አብራሪው እግሩ ተመትቶ አማዞን ወንዝ ላይ አሳረፈው፤ የተቀሩት ተረፉ። የስለላው አውሮፕላን ሠራተኞች ሊተኮስ ሲል ተጠራጥረው ነበር። ግን ቋንቋ አልተግባቡም፣ ጊዜም አልነበረም። መምህሩ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰማዩ የማን ነበር፣ ጣቱስ?

ለትንሽ ጊዜ ማንም አልጻፈም። አንድ ሰዓት ያህል።

14. ከዚያ ተቃራኒ ሐሳብ መጣ፤ ጥሩ ሆነ። የሞቱት ያሳዝናሉ፣ ግን ያ መንገድ መዘጋቱ በፔሩ ኮካን ቀንሷል አለ። በ1995 115 ሺህ ሄክታር ገደማ የነበረው በ1999 ወደ 39 ሺህ ወረደ። ወዲያው ራሱ አፈረሰው፤ በዚያው ዘመን የኮሎምቢያው አደገ። የድሬው ታይዋን ገበያ ነጋዴ ይህን ለማወቅ ሊማ መሄድ አያስፈልገውም አለ። አንዱ ኬላ ሲጠብቅ ሸቀጡ በሌላ ይመጣል፤ በመኪና ካልሆነ በግመል፣ በግመል ካልሆነ በሰው ጀርባ። ዋጋው ብቻ ነው የሚጨምረው።

15. ሕግ የሚያውቅ የሚመስል ሰው ነው፤ ደረቅ ነው፣ ግን እኔ የማላውቀውን ነገረኝ። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1974 የውጭ ፖሊስን በእርዳታ ገንዘብ ማሠልጠን ከለከለ፤ ለጨቋኝ መንግሥታት ዱላ እናቀብላለን ተብሎ። የእጽ ሥራ ግን ከክልከላው ውጭ ቀረ። በዚያች ቀዳዳ በኩል የፖሊስ እርዳታው ሁሉ የእጽ ካባ ለበሰ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው በእጽ ስም የራሱ የአየር ክንፍ አለው፤ ብዙዎቹ አውሮፕላኖች ሌላ አገር ቢበሩም ባለቤታቸው እርሱ ነው። ከ1986 ጀምሮ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ በየዓመቱ በእጽ ትግል የትኛው አገር ተባብሯል ብሎ ይመሰክራል። ኮሎምቢያ በ1996 እና በ1997 ወደቀች። ፈተናውን የሚያርመው ትልቁ የእጽ ሸማች ራሱ ነው ብሎ አሾፈ።

16. ሁለተኛውንና አስራ አምስተኛውን ተከፋዮች ናችሁ ብሎ የወረደባቸው ሰው ነው። እኔንም ጨመረኝ፤ የማን ገንዘብ እንደምበላ አላብራራም። አድሚኑ ግማሹን ሰረዘው፣ የተረፈው ግማሽ ከዚህ አይሻልም።

17. አስራ ሰባተኛው አፍጋኒስታንን አመጣ። እዚያ አሜሪካኖች ብልህ ሆነው የራሺያ ኤምአይ-17 ገዙላቸው፤ አፍጋኖቹ ያውቁታልና። የእጽና የሽብር ተልዕኮ የሚሠራ ልዩ ክንፍ ተቋቋመ። በ2013 የአሜሪካው የመልሶ ግንባታ ዋና ኢንስፔክተር ለ48 አውሮፕላኖች የወጣውን 772 ሚሊዮን ዶላር መረመረ፤ ክንፉ የሚያበራቸውም የሚጠግናቸውም በቂ ሰው የለውም አለ። በ2017 የፖፒው እርሻ 328 ሺህ ሄክታር ደረሰ፤ እስከዚያ ታይቶ አያውቅም። በ2021 መንግሥቱ ሲወድቅ ብዙ አብራሪዎች አውሮፕላናቸውን ይዘው ወደ ኡዝቤኪስታን በረሩ። ጋሽ አራት ከሥሩ አንድ ቃል ብቻ ጻፉ፤ መፍቻው አሉ።

18. ሻንጣ የሚፈትሽ ሰው ይመስለኛል። አጭር ነው። በኛ አገር የሚያልፈው ኮኬይን በቦሌ በኩል በሻንጣና በሆድ ነው፤ ከሆድ ውስጥ የሚያወጣ ሄሊኮፕተር አልተሠራም። ውሻ ስጡን፣ ማሽን ስጡን፣ ለሌሊት ተረኛ አበል ስጡን አለ። ልቤ እዚህ ላይ ከእንቀበል ወደ ቆይ ተንሸራተተ።

19. ከደቻቱ ዳር የምትኖር እናት ግን መልሳ አንቀጠቀጠችኝ። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 30፣ 1998 ሌሊት ወንዙ የመጣ ጊዜ ጣራ ላይ ነበረች። ከ250 በላይ ሰው የሞተበት ሌሊት ነው። ስለ ኮሎምቢያ አላውቅም አለች፤ ሲነጋ አንድ ሄሊኮፕተር ሰማይ ላይ ባይ ኖሮ የሰጠው ማን እንደሆነ አልጠይቅም ነበር። ስለ እጽ አንድ ቃል አልጻፈችም።

20. የመለሱላት ጋሽ አራት ናቸው፤ እህቴ ብለው ነው የጀመሩት። ልክ ነሽ አሉ። ግን ለእጽ የተሰጠ ሄሊኮፕተር ለጎርፍ ይነሳ ዘንድ ስልክ መደወል አለ። ኮሎምቢያዊያኑ በዚያ እርዳታ ሄሊኮፕተር ሽምቅ ተዋጊ ለመዋጋት እስከ 2002 አይፈቀድላቸውም ነበር፤ ኮንግረስ ሕጉን ሲለውጥ ነው የተፈቀደው። እዚያው ፊታቸው ጦርነት እያለ። ዋሽንግተን ሌሊት ከሆነ ስልኩን ማን ያነሳል?

21. ሁለተኛው ሰው ተመለሰ፤ ሚዛኑ እንዳይጋደል ነው መሰለኝ። ኮሎምቢያዊያን በጊዜ ብዛት ተምረዋል፣ ተቋራጮቹን በራሳቸው ሰው ተክተዋል፣ የሜክሲኮ አብራሪዎችን እስከ ማሠልጠን ደርሰዋል አለ። በሐምሌ 2፣ 2008 አስራ አምስት ታጋቾችን ያለ አንድ ጥይት ያስለቀቁትም እነርሱ ናቸው። ከታጋቾቹ ሦስቱ አሜሪካዊያን ነበሩ፤ በ2003 ኮካ ሲሰልሉ የነበሩበት ባለ አንድ ሞተር ሴስና ሞተሩ ጠፍቶ ጫካ ውስጥ የወደቁ።

22. ጋሽ አራት መቼም አይለቁም። የታጋቾቹን ሄሊኮፕተር ዓይነት ታውቀዋለህ ወይ ብለው ጠየቁት። አወቀ፤ ጨዋ ስለሆነም አልደበቀም። ነጭ የተቀባ ኤምአይ-17 ነበር፤ ኮሎምቢያ ራሷ የገዛችው፣ ራሺያ ሠራሽ። ሁለቱ ሽማግሌዎች (ሁለተኛውም ሽማግሌ ሳይሆን አይቀርም) ከዚህ በኋላ ስለ ማርሽ ሳጥን እስከ እኩለ ሌሊት አወሩ፤ እኔ አንድም ቃል አልገባኝም።

የእህቴን ልጅ ይህን ሁሉ አስነበብኩት። እስከ 17 ድረስ አንብቦ እንግዲያው አስር አይሁን፣ ሁለት ይሁንና መካኒኮቹን እዚሁ ያሠልጥኑ አለኝ። ክሩ ላይ ጻፈው ስለው እምቢ አለ፤ ጋሽ አራትን ፈርቶ ነው።

23. ያልኳችሁ ጦስ ይህ ነው። አንድ ሰው የብሎኗን ፎቶ አይቶ ትሸጣለህ ወይ አለኝ፤ ለባጃጁ ፈልጎ ነው።

24. ሌላው አትግዛ፣ ታይዋን ውስጥ በኪሎ ነው የሚሸጠው፣ ከአሸዋ በኩል ስትገባ ሦስተኛው ሱቅ ጋ አለ አለው። ጋሽ አራት ካርዱንም ጠይቅ ብለው ጻፉለት። ሰውየው የባጃጁን ሊብሬ ፎቶ አንስቶ ለጠፈ።